ሎቮ አቁመናል፤ ጸልዩልን

«ያቺ የቫሌሌቩዋ ባለሎቮ ተዘጋች አሉ» አለች አንደኛዋ ልጅ።

«ማን ዘጋት?»

«ተቆጣጣሪዎች ናቸዋ። አይጥ አግኝተው።»

«ምግቡ ውስጥ?»

«ጉድጓዱ ውስጥ። ከጎደሬው ጋር አብሮ በስሎ።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ባለፈው ዓርብ ሁለት እሽግ ነው የበላሁት።»

«ታዲያ ጣፍጦሽ የለም እንዴ? አሁን ምን ያስለቅስሻል?»

ሁለቱም ተንከተከቱ። ከፊታቸው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኡላሚላ ናት። ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ይዛለች፤ አንዱን ጭኗ ላይ፣ አንዱን በእግሮቿ መሃል። ከቅርጫቱ ሙቀት የተነሳ ቀሚሷ ጭኗ ላይ ተለጥፏል። ወደ ዋና ከተማው ወደ ሱቫ የሚወርደው አውቶቡስ መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ጠዋት ሲዘንብ ስለነበረ ሸራው ሁሉ ወርዷል። ስለዚህ ጢስ የጠጣው ዓሣና በኮኮናት ወተት የበሰለው የጎደሬ ቅጠል ሽታ መውጫ አጥቶ አውቶቡሱን ከሹፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ሞልቶታል። «ምንድነው ግን እንዲህ የሚሸተው?» አለች ያችው የአይጡን ወሬ ያመጣችው ልጅ ምራቋን እየዋጠች። ኡላሚላ ዞር ብላ «ይኸውልሽ፣ አይጡ ነው የሚሸትሽ» ልትላት ነበር። አላለቻትም። ለማያውቃት ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከእሷ ጋር በአንድ አጥር ስንጎራበት ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ዶሮዬ ጎመኗን ስትጭር ዶሮዋን ትታ እኔን በስሜ ጠርታ የምትሰድብ ሴት ናት። ያን ቀን ዝም ያለችው ወሬውን ማን እንደወለደው ስለምታውቅ ነው። የወለደችው እሷው ራሷ ናት።

ኡላሚላ በየዓርቡ ገና ሳይነጋ ጓሮዋ ያለው ጉድጓድ ውስጥ እሳት ታነዳለች። ድንጋዩ ሲግል ዓሣውን፣ ዶሮውን፣ ጎደሬውን፣ በቅጠል የጠቀለለችውን ሁሉ ትደረድርበትና ቅጠልና አፈር ታለብሰዋለች፤ ረፋዱ ላይ አፈሩን ገልጣ ታወጣዋለች። ሎቮ የሚባለው ይኸው ነው። ድሮ ለሠርግና ለለቅሶ ነበር የሚሠራው፤ እሷ ግን ባሏ አፒሳይ ወደብ ላይ ወገቡን ከተመታ ወዲህ እያሸገች ለቢሮ ሠራተኛ መሸጥ ጀመረች። እሽጉን በአሥራ ሁለት ዶላር። መጀመሪያ ቅርጫቷን ተሸክማ ቢሮ ለቢሮ ነበር የምትዞረው። ኋላ ልጇ ኬሌራ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈተችላት። አፈሩ ሲገለጥ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ የኡላሚላ ወፋፍራም ጣቶች ቅጠሉን ሲፈቱ፣ ነጩ ወተት ሲፈስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈችበት። ከዚያ ወዲያ ከተማው አበደ። ሰው ሐሙስ ያዛል፣ ዓርብ ይበላል፤ እኩለ ቀን ላይ ኬሌራ «አልቋል! እናመሰግናለን!» ብላ ትለጥፋለች፤ ያላገኘው በሚቀጥለው ሳምንት ቶሎ እንዲያዝ።

ጣጣው ያለው እዚያች «አልቋል» ላይ ነው። ደንበኛ ሲያነባት ምራቁ ይመጣል፤ ዘመድ ሲያነባት እግሩ ይመጣል። እነሱ፣ የደሴቶቹ ተወላጆች ዘንድ፣ ዘመድ ቤትሽ ገብቶ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ «እስቲ ያችን ነገር» ካለ እምቢ አይባልም። ማንም ብሎ አያውቅም። እኛ ህንዶቹ በዚህ እንስቅባቸዋለን፤ የቸገረን ቀን ግን መጀመሪያ የምናንኳኳው የእነሱን በር ነው። አፒሳይማ ይባስ ብሎ ሰው አፉን እስኪከፍት እንኳ አይጠብቅም፤ የእንግዳውን ዓይን እየተከተለ ዓይኑ ባረፈበት ላይ «ውሰደው» ይላል። የልብስ ስፌት መኪናዋ እንዲህ ሄደ። የጋዝ ምድጃው ሄደ። ለጓሮው ዳስ የገዛችው ቆርቆሮ ገና ከነማሰሪያው ወደ ሌላ ደሴት ተሻገረ። ድሮ ዘመድ የሚመጣው ለገና ለገና ነበር፤ አሁን ግን ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ «ትናንት አልቆባችሁ ዋለ አይደል? እግዚአብሔር ይመስገን!» እያለ ነው ጫማውን የሚያወልቀው።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ከካንዳቩ ደሴት ወሬ መጣ። የአፒሳይ አጎት ጋሽ ዋይሳኬ ከነሚስታቸው፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ዓርብ በሚገባው መርከብ እየመጡ ነው ተባለ። የመንደሩ ጀልባ ሞተር ከተቃጠለ ሰነባብቷል። ኡላሚላ ነገሩ ገባት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ባሕር ዳር ባለው ትልቁ መንገድ ላይ ያለ አንድ ቢሮ፣ በየዓርቡ የሚበሉላት እነሱ፣ የሠራተኞቹን ምግብ ቤት ሊሰጧት አስበው ነበር፤ ከነምድጃው፣ ከነማቀዝቀዣው፣ በየቀኑ ምሳ። ሥራ አስኪያጁ ዓርብ እወስናለሁ ብሎ ነበር። ድስትና ሳህን መግዣ ይሆናል ብላ ያስቀመጠችው ገንዘብ የጀልባ ሞተር ሲሆን ታያት። ያኔ ነው ማክሰኞ ማታ ኬሌራን አስቀምጣ ይህን ያስጻፈቻት፤ «ውድ ደንበኞቻችን፣ በደረሰብን ከባድ ችግር ምክንያት ሎቮ አቁመናል። ጸልዩልን።»

«እማ፣ ‘ጸልዩልን’ የሚለው ይቅር» አለቻት ኬሌራ። «ሰው የሞተብን ያስመስላል።»

«ጸሎት ደግሞ ማንን ገደለ? ጻፊ ብዬሻለሁ።»

እዚህ አገር የሠፈር ስብሰባ መጥሪያ እንኳ ሳይቀር «ጸልዩልን» ሳይባልበት አይቋጭም፤ ኡላሚላ ያለሱ መጻፍ ነውር መስሏት ነው። በእሷ ስሌት ዘመድ ይህን አንብቦ መርከቡን ይተወዋል፤ ለደንበኞች ደግሞ ኬሌራ አንድ ባንድ፣ ለብቻ ለብቻ «እንደወትሮው እየሠራን ነው፣ ለማንም አትንገሩ» ብላ ትጽፍላቸዋለች። አፒሳይ ጥግ ላይ ተጋድሞ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናም ዓርብ ቅርጫቷን ይዛ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደዚያ ቢሮ ገባች። የመስታወቱን በር ከፍታ ስትገባ የማቀዝቀዣው አየር ላቧን ጀርባዋ ላይ አደረቀው። ጠረጴዛው ላይ ከቻይናው ቤት የመጣ ሩዝና ኑድል በነጭ ሣጥን ተደርድሮ፣ ሰው እየተጋፋ ሲያነሳ ደረሰች። ቅርጫቱን አዩ። አንዱ ሣጥኑን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የሚያውቃት ልጅ ነው፣ በየሳምንቱ «እትዬ፣ ዓሣዋን በዛ አድርጊያት» የሚላት። እንግዳ ተቀባይዋ ሮሼል ከወንበሯ ተነስታ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«እትዬ ኡላ፣ ምን ሆናችሁ ነው? አቁመናል አላላችሁም?»

«ልጄ መልእክት አላከችልሽም? እየሠራን ነው ብላ?»

«ለእኔ? ምንም አልደረሰኝም። ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን ደርሷታል። እሷ ደግሞ እዚያው ገጹ ላይ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ‘አቁመናል ትላላችሁ፣ ለእኔ እየሠራን ነው ትላላችሁ፣ የቱ ነው እውነቱ?’ ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ጽሑፏ ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«አጥፍታችሁባታላ! ሰው ደግሞ ሲጠፋበት ነው የሚጠረጥረው። አንዱ ‘የሚደብቁት ነገር አለ’ አለ፣ ሌላው ‘ተቆጣጣሪ መጥቶባቸው ነው’ አለ፣ ማታ ላይ አይጥ ሆነ።» ሮሼል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ እትዬ ኡላ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስሙን ነው የሚፈራው። ከቢሮ እስክንወጣ ድረስ ይጠብቃል፣ ለምኜዋለሁ። እዚያው ገጽ ላይ ‘እየሠራን ነው፣ ዘጋን ያልነው እንዲህ ሆኖ ነው፣ ምንም አልተገኘብንም’ ብላችሁ ጻፉ። ሰው ሁሉ ይየው። ካልሆነ ምግብ ቤቱን ለቻይናው ይሰጠዋል።»

«ምግቡንስ?»

ሮሼል ቅርጫቱን አየችው፤ አንድ እሽግ እንኳ አልወሰደችም። ስታየው ግን አፍንጫዋ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ኡላሚላ ይህን ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ የዞረችበትን ሁሉ ብጽፈው አያልቅም። ሁለተኛው ቢሮ ዘበኛው ከበር መለሳት። ሦስተኛው ቢሮ «እኅቴ፣ አይጥ ያለበትን ስጪን፣ እሱ ሥጋው ይበዛል» ብለው ሳቁባት፤ እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። አውቶቡስ ተራ ጥላ ሥር ቅርጫቷን አስቀምጣ «ሎቮ! ትኩስ ሎቮ!» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ጮኸች። ድምፅዋ የጸሎት ቤት ድምፅ ነው፣ ሕዝብ ዞሮ አያት። አንድ ታክሲ ነጂ አንድ እሽግ ገዛ፤ ስልክ የሌለው ሰው መሆን አለበት። ሌላው በስምንት ዶላር ስትለው «አምስት» አላት፣ አምስት ስትለው «ለምን ረከሰ?» ብሎ ጥሏት ሄደ። ሰማዩ ተገልጦ ፀሐይዋ አስፋልቱ ላይ ማፍላት ጀመረች። የኮኮናት ወተት ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ኡላሚላ ቅጠሉን ዳሰሰችው፤ ሙቀቱ እንደ ጠዋቱ ዓይነት ሙቀት አይደለም።

ለኬሌራ ደወለች። ኬሌራ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ጠረጴዛ ሥር ተደፍታ ነው ያነጋገረቻት።

«አጠፋሽባት እንዴ፣ አንቺ ልጅ? ሰው የጻፈውን?»

«ደነገጥኩ እማ! ዘመዶቻችን ሁሉ እዚያ ገጽ ላይ አሉ። ‘እየሠራን ነው’ የሚለውን ቢያዩትስ? ከዚያ በኋላ ለማንም መጻፍ ፈራሁ። ልነግርሽ ነበር፣ ግን…»

«ግን ጎደሬ ስልጥ ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

ኬሌራ አለቀሰች። ከላይ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» ስትል ተሰማ፤ አንድ እንግዳ ቁልፍ ጠይቋት ነው። ተመልሳ ስታወራ ድምፅዋ ተስተካክሎ ነበር። «እማ፣ ዛሬ ጠዋት ጉድጓዱ ሲከፈት የቀረጽኩት አለ። ንጹሕ ነው፣ እንፋሎቱ ራሱ ያምራል። ሮሼል እንዳለችው አድርጌ ጽፌ አዘጋጃለሁ። አንቺ ‘ለጥፊው’ ብቻ በይኝ።»

ኡላሚላ «ለጥፊው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ያኔ ነው የአፒሳይ ስልክ ከመሃል የገባው።

«አጎቴ መጥተዋል» አላት።

«የት?»

«ቤት ናቸዋ። ምንጣፉ ላይ።»

«ስንት ሆነው?»

«ኡላ፣ የሰው ቁጥር ምን ያደርግልሻል? ነይ።»

ወደ ኬሌራ ተመለሰች። «ቆይ። እስክነግርሽ እንዳትነኪው» አለቻት። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ቤት ገብቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ «እንደምታዩት ምንም የለንም» ብዬ፣ በጊዜ ሸኝቼ፣ ከዚያ እንለጥፈዋለን። የቢሮ መውጫ ገና ነው። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ እጇን እያገላበጠች የምትናገረውን ስትለማመድ መጣች።

የመጣችው በእኔ ጓሮ በኩል ነው። እኔ በረንዳዬ ላይ ባሚያ እየከተፍኩ ነበር።

«ቪድያ፣ እነዚህን ደብቂልኝ» አለችና ሁለቱን ቅርጫት ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ጣለቻቸው።

«ምንድነው፣ ሬሳ ነው?»

«ከሬሳ ይብሳል። ምሳ ነው።»

ፊቷን አይቼ ቢላዬን አስቀመጥኩ። በአጥሩ ክፍተት አጎንብሳ ገባች፤ እኔም ሳሪዬን አስተካክዬ በፊት በር ዞሬ ተከተልኳት፤ ጎረቤት እንግዳ ሲመጣበት ብቅ ማለት ደንብ ነው፤ ደንብ ባይሆንም እሄድ ነበር። ማንጎው ሥር አንድ የታሠረ የአሳማ ግልገል መሬቱን ይቆፍራል። በሩ ላይ የጫማ ክምር። ውስጥ ስገባ የኡላሚላ ቤት ያች አንድ ክፍል ጠብባለች። ግድግዳው ሥር ጎደሬ በእስር በእስር ተቆልሏል፤ ከጎኑ የተጠቀለለ አዲስ ምንጣፍ፣ ሁለት ዘንግ ሙዝ፣ በጋዜጣ የታሰረ፣ ተወቅጦ የሚጠጣው የያንጎና ሥር። ይህ ሊወስድ የመጣ ሰው ዕቃ አይደለም። ኡላሚላም አይታዋለች፤ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ እንደ ሴቶቹ ደንብ እግሯን አጥፋ ስትቀመጥ ዓይኗ ከጎደሬው አልተነሳም።

ጋሽ ዋይሳኬ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። ኮት ደርበዋል፣ ከታች ሽርጥ ነው። በጉልበታቸው ወደ መሃል መጡና ከደረታቸው ሥር በገመድ የተንጠለጠለ የዓሣ ነባሪ ጥርስ፣ እነሱ ዘንድ ከስጦታ ሁሉ የሚከብረውን፣ አወጡ፤ ከዘመን ብዛት የተነሳ ቀለሙ እንደ ሻይ ሆኗል። በሁለት እጃቸው ያዙት። ይህ ጥርስ ሲወጣ አይሳልም፣ አይነሳም፣ ከመቀመጫ አይነቃነቁም። ልክ ያኔ የኡላሚላ ስልክ ከደረቷ ውስጥ ነዘረ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ሁላችንም ሰማን፤ ማንም ዞሮ አላየም።

«ልጄ አፒሳይ፣ ልጄ ኡላሚላ» አሉ ሽማግሌው ጎርነን ባለ ድምፅ። «ሐዘናችሁን በስልክ አነበብነው። ‘ጸልዩልን’ ብላችሁ ጻፋችሁ። ደወል አስደውለን፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳንል ጸለይን። ጸልየን ስናበቃ ግን ‘እንዲህ ጸልየን ብቻ ቁጭ እንላለን?’ ተባባልን። እኛ በቸገረን ጊዜ ከዚህ ቤት ያልወሰድነው ምን አለ? የእኔ ጣሪያ ቆርቆሮ ከዚህ ነው የሄደው። ሚስቴ የምትሰፋበት መኪና ከዚህ ነው። ስለዚህ የጀልባው ሞተር ይቆይ አልን። ለሞተሩ ብለን ያሰባሰብነውን ገንዘብ ይዘን መጣን፤ ይኸው። ጥቂት ነው። ልጆቻችንም ነገሩን በፌስቡክ ለዘመድ ሁሉ አዳርሰውታል፤ ኦክላንድ ላሉት፣ እንግሊዝ ጦር ውስጥ ላሉት፣ እዚህ ሱቫ ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩት ሳይቀር። ‘የኡላሚላ ጉድጓድ ቀዝቅዟል፣ እንርዳት’ ብለው ስሜን ጽፈው፣ ፎቶዬን አድርገው። በዚህ ዕድሜዬ ፎቶዬ እንዲህ ሲዞር የመጀመሪያዬ ነው።» ጥግ ላይ ያለችው ልጅ እግር ስልኳን ከፍ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «አይዟችሁ። ብቻችሁን አይደላችሁም።»

ጥርሱን የሚቀበለው የቤቱ ወንድ ነው። አፒሳይ በዚያ በተመታ ወገቡ ተንፏቆ ወደ መሃል መጣ፤ ሰው ሊደግፈው እጁን ቢዘረጋ እምቢ አለ። በሁለት እጁ ተቀበለ። የምስጋናውን ቃል ሊል ሲጀምር አለቀሰ። ዘመዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፣ ሴቶቹም አለቀሱ፣ «ምስኪን፣ እንዴት ቢከፋው ነው» የሚሉ ይመስላሉ። እሱ ግን ጥርሱን ይዞ ወደ ቦታው ሲመለስ በሚስቱ አጠገብ ነው ያለፈው፤ አላያትም። እሷም አላየችውም። የማክሰኞው ግድግዳ እንደገና መሃላቸው ቆሞ ነበር። ስልኩ ከደረቷ ውስጥ ደግሞ ነዘረ።

ከመርከብ የወረደ ሰው ይርበዋል፤ አፒሳይ ቤት ደግሞ የበሰለ ነገር አይታይም። ኡላሚላ በሩ ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ ዞረች። አፏ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኗ ብቻ። ተነስቼ ወጣሁ፣ እሽጎቹን በእኔ ትሪ ላይ ፈትቼ ደረደርኩ፣ አሞቅኩት፣ በእኔ ጨርቅ ሸፈንኩትና ተሸክሜ ገባሁ።

«ጎረቤታችን ናት የሠራችው» አለች ኡላሚላ ቀና ሳትል።

ጋሽ ዋይሳኬ ቅጠሉን ፈቱ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንቺ? ሎቮ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ከእሷው ያየሁት ነው» አልኩ። ፊቴ እንደ በርበሬ ነበር።

«ህንድ እንዲህ ሎቮ ከሠራ እኛ መርከባችንን ይዘን ህንድ አገር እንግባ! እዚያ ሄደን ሩዝ እንዝራ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ስማ አፒሳይ፣ ሚስትህ እስክትጠነክር ከዚህች ሴት ዓርብ ዓርብ ተማር።» ኡላሚላም ሳቀች፤ ቀን ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ እንደሳቀችው ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሰው ሁሉ በላ። ከተማ ሙሉ ያልነካውን ምግብ ጣቱን እየላሰ በላ።

የሽማግሌው ሚስት እማማ ሜሬዋይ ብቻ አልሳቁም። አንዲት ጥቅል ወስደው ቅጠሏን ቀስ ብለው ፈቱ፤ ጨርሰው በሉ፤ አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያ እየተደገፉ ተነስተው በጓሮ በር ወጡ። እኔ ትሪዬን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ በአጥሩ በኩል አየኋቸው፤ ጉድጓዱ ላይ ደርሰዋል። ኡላሚላ ጠዋት ምግቡን ካወጣች በኋላ አፈሩን መልሳ ደፍናው ነበር፤ ላይ ላዩን ሲያዩት የተኛ መሬት ነው። እማማ ሜሬዋይ ግን ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንድ እግራቸውን አሳረፉበት። ቆሙ። ሌላኛውንም አሳረፉ። ሥሩ የጋለ ድንጋይ ያለበት መሬት ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን አይለቅም፤ ይህን የሎቮ አገር ሰው በእግሩ ያውቀዋል።

ኡላሚላ ከኋላቸው ስልኳን በእጇ ይዛ ወጣች። የኬሌራ ጽሑፍ ተደራርቦ ነበር፤ «እማ ልለጥፈው?» «እማ ሮሼል ደውላለች» «ሊወጡ ነው፣ አንድ ቃል በይኝ»። ከመንገዱ የተማሪ አውቶቡስ ድምፅ ይሰማል። ስታያቸው ቆመች።

አሮጊቷ ዞረው አዩዋት። ከዚያ አጠገባቸው በር ላይ ተደግፎ የነበረውን አሮጌ ምንጣፍ ጎትተው ጉድጓዱ ላይ ዘረጉትና ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉበት።

«እማማ…» አለች ኡላሚላ።

«ዝም በይ። ውስጥ ይሰማሉ።» ምንጣፉን በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ያ ጥርስ የእሱ ነው። ለራሱ ያስቀመጠው፣ ሲሞት አብሮት እንዲቀበር። እናቱ ናት የሰጠችው። አታውጣው ብዬ ለመንኩት፤ ‘የልጄ ቤት እሳት ጠፍቶ እኔ ጥርስ ታቅፌ ልቀበር?’ አለኝ።»

ከቤት ውስጥ የጋሽ ዋይሳኬ ድምፅ ይመጣል፤ ያንጎናው እየተወቀጠ ነው፣ ለአንዱ ዘመድ በስልክ ይናገራሉ፤ «አይ፣ አንመለስም! በእግሯ እስክትቆም ድረስ እዚሁ ነን! አንድ ወርም ይሁን ሁለት ወር፣ ልጃችንን ጥለን የት እንሄዳለን?» ሰው ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል።

ኡላሚላ ስልኳን አየችው። ኬሌራ የጠዋቱን ቪዲዮ ልካላታለች፤ አፈሩ ይገለጣል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ የእሷ ጣቶች ቅጠሉን ይፈታሉ። ከሥሩ «ጉድጓዳችን ትኩስ ነው!» የሚል ተጽፏል። ድምፁን አጥፍታ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ «ተይው» ብላ ጻፈችላት።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉ እማማ ሜሬዋይ ከምንጣፉ ጥግ ፈቀቅ እያሉላት፤ «ሳይቀዘቅዝ።»

ተቀመጠች። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ማንጎው አድርገው፣ ከሥራቸው ያለው መሬት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ሲለቅ ተቀምጠው ቆዩ። ስልኩ እንደገና ነዘረ። ኬሌራ አልነበረችም። ከእንግሊዝ አገር፣ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ዘመድ ነው፤ «እየጸለይንልሽ ነው፤ ለሁሉም ሰው እያዳረስነው ነው» ይላል።